ዘይት አይደለም

«በራሱ ጥፋት» ይላል የትራፊኩ ሪፖርት። ሟቹ ገና ከመሪው አልተላቀቁም፤ ሪፖርቱ ግን ተጽፎ አልቋል።

ኢንስፔክተር ሰልሚያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ከአገና ወደ ጉብሬ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ። ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለች ነጭ ዲኤክስ መኪና የባሕር ዛፍ ግንድ አቅፋ ቆማለች። ሹፌሩ መምህር ተካ ናቸው፤ ወልቂጤ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መኪናቸውን በገዛ ግቢያቸው በገዛ እጃቸው የሚጠግኑ ሰው። አገና ለቅሶ ደርሰው እየተመለሱ ነበር።

«ምን ታያለህ?» አለችው ረዳቷን ሳጅን ይታገሱን።

«ሽማግሌ፣ አሮጌ መኪና፣ ቁልቁለት። ፍሬን እምቢ አላቸው። ራሳቸው ናቸው የሚጠግኗት ይላል ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ መካኒክ ሆነ?»

አስፋልቱ ላይ የጎማ ጭረት የለም። ሰውየው ረግጠዋል፤ የያዘላቸው ነገር አልነበረም። ሰልሚያ የተጨማደደውን ኮፈኖ በብረት አስገነጠለችና የፍሬኑን ማጠራቀሚያ ከፈተች። የክዳኑ ማሸጊያ ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ውሃ እንደጠጣ ባቄላ አብጧል። ጣቷን ነክራ አሸተተች። የጭነት መኪና ሹፌር ልጅ ናት፤ አባቷ ከመኪናው ሥር ሲገባ ቁልፍ እያቀበለች ነው ያደገችው።

«የምትጠጣውን ውሃ አምጣ።»

«ጠምቶዎት ነው?»

«አምጣ አልኩህ።»

ጨርቅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ነክራ ውሃው ላይ ጨመቀችውና ፕላስቲኩን ነቀነቀችው። ፈሳሹ አልተደባለቀም፤ ከውሃው በላይ ወጥቶ እንደ ቢጫ ቀለበት ተቀመጠ።

«ትክክለኛው የፍሬን ቢሆን ከውሃ ጋር ተደባልቆ ይጠፋ ነበር። ይኼ የሞተር ዘይት ነው። ጎሚኒ ያሳብጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ታግሦ ፍሬኑን ይገድለዋል።»

ይታገሱ ትከሻውን ሰበቀ። «እና ተሳሳቱ። የፍሬን ዘይት አይደል የሚባለው? ዘይት ጨመሩ።»

«ቃሉ ነው የገደላቸው ትለኛለህ?»

«ዘይት የተባለ ቦታ ሰው ዘይት ቢጨምር ምን ይገርማል?»

የይታገሱ ነገር ሰልሚያን አናደዳት። ይበልጥ ያናደዳት ግን ወረቀቱ ነው። እዚህ አገር አደጋ ሲደርስ ጥፋተኛ የሚደረገው መከራከር የማይችለው ሰው ነው፤ ከሬሳ የተሻለ ጥፋተኛ ደግሞ የለም። ሬሳ ይግባኝ አይልም፣ ዘመድ ካልጮኸለት በቀር መዝገቡም በአንድ ቀን ይዘጋል። ሪፖርቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

*

እሑድ ቀብሩ ሲያበቃ ወደ መምህሩ ግቢ ሄደች። በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤቱ ፊልጶስ፣ ባለወፍጮው፣ አግዳሚ ወንበር በትከሻው ተሸክሞ ሲያስገባ መንገድ ለቀቀችለት።

ከግቢው ጥግ የቆርቆሮ ጥላ አለ፤ የመምህሩ ጋራዥ እሱ ነው። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። በእያንዳንዱ ላይ በቀጭን ወረቀት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በጥቁር ሰሌዳ አጻጻፍ ስሙ ሰፍሯል፤ «የሞተር ዘይት»፣ «የባትሪ ውሃ»፣ «ቅባት»። ከጎናቸው ወፍራም ደብተር ተቀምጧል። መምህሩ ዲኤክሷን ከገዙበት ቀን ጀምሮ የነኩትን ብሎን ሁሉ ጽፈውበታል። ሰልሚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

«ረቡዕ። የኋላ ፍሬን ጎሚኒ ተቀየረ። አየር ወጣ። ፔዳሉ ጠንካራ ነው። ደህና።»

«ይኸው!» አለ ይታገሱ። በእጁ ግማሽ የቀረው ጠርሙስ ይዟል። ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ ፕላስተሩ ላይ «የፍሬን ዘይት» ይላል። ከፍተው አሸተቱት። የሞተር ዘይት ነው።

«ራሳቸው በስህተት የሞተር ዘይት ቀድተው ራሳቸው ስም ጻፉበት። አለቀ!»

«አላለቀም» አለ ከኋላቸው የሴት ድምፅ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። የመምህሩ ልጅ ናዝሬት ናት፤ ከአዲስ አበባ በሌሊት ነው የገባችው። «ይኼን አባቴ አልጻፈውም።»

«የእጅ ጽሑፋቸው አይደለም?» አለች ሰልሚያ።

«ጽሑፉን ተይው፣ ቃሉን እይው። አባቴ ፊት 'የፍሬን ዘይት' ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት ትምህርት ሳይቀበል አይለቀቅም። 'ዘይት አይደለም! ሽንኩርት ልታቁላላበት ነው? ፈሳሽ በል!' ይላል። ተማሪዎቹ ስሙን ቲቸር ፈሳሽ ነበር የሚሉት። እኔን ስድስት ዓመቴ ላይ ነው ያስተማረኝ። በገዛ እጁ 'ዘይት' ብሎ ሊጽፍ?»

ሰልሚያ መደርደሪያውን እንደገና አየች። ነጭ ፕላስተር ያለው ይኼ አንዱ ብቻ ነው። «የፍሬን ፈሳሽ» የሚል ጠርሙስ ደግሞ የለም።

ነገሩ ወለል አለላት። አንድ ሰው የመምህሩን የፍሬን ፈሳሽ ደፍቶ ጠርሙሱን በዘይት ሞልቶታል። እሳቸውም የገዛ ጽሑፋቸውን አምነው ቀዱ። ሲሞቱ ያ ሰው ተመልሶ ጠርሙሱን ወሰደ፤ በቦታው ይኼን አስቀመጠ፤ ሽማግሌው ራሳቸው የተሳሳቱ እንዲመስል። ባይመለስ ኖሮ የትራፊኩ ሪፖርት ይሸፍንለት ነበር። እሱ ግን ለሪፖርቱ ማስረጃ ሊጨምርለት ፈለገ።

«ማን እንደሆነ ልንገርሽ» አለች ናዝሬት። «ሀቢቡ ነው፣ ባለጋራዡ። በሰው ፊት 'አንድ ቀን ዲኤክስህ ራሷ ትበላሃለች' ብሎታል። የአጎቶቼ ልጆች ከቡኢ እየመጡ ነው። ማክሰኞ ሰልስቱን እናወጣና ያን ጋራዥ ባለቤቱ ውስጡ እያለ እናነደዋለን።»

«ሕግ አለ፣ ናዝሬት።»

«ሕግማ 'በራሱ ጥፋት' ብሎ ጻፈ። አላነበብሽውም?»

ወረቀቱ ሰልሚያ ኪስ ውስጥ ነበር። ከግቢው ስትወጣ ሀቢቡ ጋራዥ በር ላይ ፖሊስ እንዲቆም አዘዘች። ያላት ጊዜ ሁለት ቀን ነው።

*

ሰኞ ጠዋት ከይታገሱ ጋር ወፍጮ ቤት ገባች፤ ከመምህሩ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። መብራት ስለሌለ የናፍታ ሞተሩ ይጮሃል፤ ዱቄቱ አየር ላይ ቆሟል። ፊልጶስ በርጩማ በእጁ ጠርጎ አቀረበላት።

«ጋሽ ፊልጶስ፣ ረቡዕ መምህሩ ፍሬን ሲጠግኑ አይተዋል?»

«ከዚህ ጩኸት ውስጥ ሆኜ ምን አያለሁ? ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነበርኩ።»

«ፍሬን አየር የሚወጣው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ከሥር ይፈታል፣ አንዱ ፔዳል ይረግጣል። ማን ረገጠላቸው?»

መልስ ሳይሰጥ አንዲት ሴትዮ በር ላይ የበቆሎ ጆንያዋን ጣል አደረገች። «ፊልጶስ! ያለፈው ዱቄቴ ከሰው ጋር ተቀያይሯል! የኔ እንዲህ አይጠቁርም!»

«እትዬ አበባ፣ ዱቄትዎ ከርስዎ ጋር ነው የጠቆረው።»

«አፍህ ይጥቆር!»

«እሺ፣ ይኸው እጽፍልዎታለሁ።» ከጥቅልል ላይ ነጭ ፕላስተር በጥርሱ ቆርጦ ጆንያው ላይ ለጠፈ፤ ስሟን ጻፈበት። እትዬ አበባ አሁንም እያጉረመረመች ወጣች።

ፊልጶስ ወደ ሰልሚያ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሰው ነፍስ ነው፤ መዋሸት አልፈልግም።»

«አይዋሹ።»

«ረቡዕ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሀቢቡን ከመምህሩ ግቢ ሲወጣ ያየሁት መሰለኝ። ታረቁ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሲወጡ ይታገሱ ራሱን ነቀነቀ። «ደግ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ስድስት ወር ቢሆን ነው፤ ከነሐዘናቸው የመምህሩን ድንኳን የተከሉት እሳቸው ናቸው።»

*

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሀቢቡ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። በሬ ላይ ፖሊስ ገትረሽ ሰላም ትይኛለሽ?» ሀቢቡ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከአንድ ሚኒባስ ሥር ወጣ። «ደንበኞቼ ወንጀለኛ መስዬአቸው ጎማቸውን ሳያስነፉ እየሸሹ ነው።»

«'ዲኤክስህ ትበላሃለች' ብለሃቸዋል።»

«ብያለሁ! መጀመሪያ እሱ ያለኝን ለምን አትጠይቂም? እዚህ በሬ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 'ሰው ገዳይ!' አለኝ። ማንን ገደልኩ? እኔ ዶሮ እንኳ ቢስሚላህ ሳልል አላርድም!»

«ለምን አሉህ?»

«ምን አውቄ! መምህር ጡረታ ሲወጣ የሚሰድበው ተማሪ ያጣል። ከዚያ የሰፈር ሰው ላይ ይወርዳል።»

«ረቡዕ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቡታጅራ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ። የወንድሜ የሙስተፋ ልጅ ኒካህ ነበር። ሂጂና ጠይቂ፤ አራት መቶ ምስክር ሥጋዬን በልቶ ነው የተመለሰው።»

*

ሰልሚያ በስልክ የሚሰጥ ምስክርነት አታምንም። ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ፣ መኪና ተራው አጠገብ፣ ከሙስተፋ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ቆማ ነበር። ሙስተፋ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳያት። ረቡዕ ጠዋት፣ ቀኑና ሰዓቱ ከላይ አለ። ሀቢቡ የሰንጋ ቀንድ ይዞ እየተንገዳገደ፣ ሕዝቡ እየሳቀበት።

«በሬው ነው የያዘው እሱን» አለ ሙስተፋ። «ወንድሜ በእጁ ሰው አይገድልም፣ ኢንስፔክተር።»

«በምን ይገድላል?»

ሙስተፋ መሳቁን ተወ። መደርደሪያውን ያስተካክል ጀመር። «በስስት። ባለፈው ሚያዝያ የቤንዚን ቱቦ ልኬለት ነበር። በማግስቱ ደወልኩ፤ 'የውሸት ዕቃ ነው፣ ሲግል ይሰነጠቃል፣ ጣለው' አልኩት። 'ጣልኩት' አለኝ። ሱቄ ውስጥ የቀረውን እኔ አቃጥያለሁ። እሱ ግን መጣሉን አላየሁም። ተጣልተን ነው የከረምነው፤ ለሰርጉ ነው የታረቅነው።»

ሰልሚያ ሰማችው፤ ጻፈችው። ሐሳቧ ግን ረቡዕ ላይ ነበር።

ሲመለሱ መንገድ ላይ «ሀቢቡ አይደለም» አለች። «ታዲያ ፊልጶስ ለምን ሀቢቡን አየሁ አለ?»

«ተሳስተው ይሆናል። 'መሰለኝ' ነው ያሉት።»

«'መዋሸት አልፈልግም' ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ አይታወቅህም? ደግሞስ ያን ፕላስተር በጥርሱ ሲቆርጥ አላየህም?»

ይታገሱ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። «ነጭ ፕላስተር» አለ ቀስ ብሎ።

*

ማክሰኞ ሰልስት ነው። የቡኢ ዘመዶች መጥተው ድንኳኑ በጎረምሳ ተሞልቷል፤ ከድንኳኑ ውጭ ሁለት የቤንዚን ጀሪካን ቆሟል፤ ማንም አልደበቀውም። ፊልጶስ ጆግ ይዞ ለቀስተኛውን እያስታጠበ ነበር።

«ጋሽ ፊልጶስ፣ አንዴ ወደ ወፍጮው እንሂድ።»

ሞተሩ ጠፍቷል። ሰልሚያ የእትዬ አበባን ጆንያ ወደ ብርሃን ጎተተች፤ ጠርሙሱን አጠገቡ አቆመች። «የአበባ» እና «የፍሬን ዘይት»። በሁለቱም ላይ የ«የ» እግር ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ መንጠቆ ተቆልምሟል። በሁለቱም ፕላስተር ጫፍ ላይ የጥርስ ቅርጽ አለ።

ፊልጶስ አየው። ጆጉን በጥንቃቄ መሬት አስቀመጠ።

«እሱ ፈሳሽ ነበር የሚለው» አለ። «አውቅ ነበር። ስንት ጊዜ አርሞኛል። ስጽፈው እጄ የለመደውን ጻፈ።»

«ፔዳሉን የረገጥከው አንተ ነህ።»

'እርስዎ' ማለቷን አቁማለች፤ እሱም አልጠበቀም።

«በአጥሩ ጠራኝ። 'ፊልጶስ፣ ና እግርህን አበድረኝ' አለኝ። ዘይቱን ማክሰኞ ነው የሞላሁት፤ ጎሚኒ ሊቀይር መሆኑን ነግሮኝ ነበር። እሱ ከሥር ተኝቶ 'ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!' ይለኛል። ረገጥኩ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ከእግሬ ሥር ይሰማኝ ነበር። ስንጨርስ 'እግዜር ይስጥህ' አለኝ። አሜን አልኩት።»

ይታገሱ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

«ለምን?» አለች ሰልሚያ።

«ለምን ትያለሽ? ሚስቴ ውድነሽ እናቷ ቤት አገና ሄዳ ነበር፤ ምጥ ያዛት። እሱ 'በኔ መኪና እናምጣት' አለ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ያቺ ቆርቆሮ መኪናው ቆመች። ኮፈኖውን ከፍቶ የቤንዚኑን ቱቦ ከጎማ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ያስራል። ይንጠባጠባል። ይፈታል። እንደገና ያስራል። ሚስቴ ከኋላ ወንበር ላይ ጮኸች፣ ጮኸች፣ ከዚያ ዝም አለች። ልጁም አብሯት። እሱ አሁንም ላስቲክ ይጠመዝዛል! ጋራዥ ያለ፣ መካኒክ ያለ፣ 'እኔ አውቃለሁ' ባይ ሽማግሌ! በጥገናው ገደላት። በጥገናው ገደልኩት።»

«የሚስትህ ለቅሶ ላይ 'የእግዜር ሥራ ነው' ብለሃል አሉ።»

«ስድስት ወር ሙሉ አልኩት። በየቀኑ በአጥር ሰላም እያልኩት። አልጸጸትም። ደሟን መልሻለሁ።»

የሰልሚያ ጆሮ ላይ የቀረው አንድ ቃል ነው፤ ቱቦ። ይታገሱ ሰውየውን እንዲጠብቅ አድርጋ ወደ መምህሩ ጥላ ሮጠች። ከዚህ በፊት የደብተሩን መጨረሻ ብቻ ነበር ያየችው። አሁን ወደ ኋላ ገለጠች፤ ጥቅምት፣ መስከረም፣ ሐምሌ፣ ግንቦት። ቆማ አነበበችው። ከዚያ መደርደሪያውን ከኋላው በእጇ ዳበሰች፤ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ወደ ወፍጮው ስትመለስ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«ላንብብልህ?» አለችው። ሁለት ቦታ የተጻፈውን ስም በአውራ ጣቷ ሸፍና አነበበች።

«ግንቦት 14። ጠዋት ጋራዥ ወስጄ አዲስ የቤንዚን ቱቦ አስገባሁ። ከሰዓት ተሰነጠቀ። በላስቲክ ላስረው ሞከርኩ፤ አልያዘም። ውድነሽ ሞተች። ቱቦው የውሸት ነው። ለፊልጶስ ብነግረው ሰውየውን ይገድለዋል፤ ልጆቹ ከእናታቸው ቀጥሎ አባታቸውን ያጣሉ። እኔን ይጥላኝ። ዝም እላለሁ። ከእንግዲህ መኪናዋን ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም።»

ፊልጶስ አፉ ተከፈተ። ዱቄት የለበሰው ፊቱ ላይ ዓይኖቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ።

«ውሸት ነው።»

«ለገዛ ደብተሩ ዋሽቶ ምን ሊጠቅመው? ጥርስህን ነክሰህ የጠበቅከው ሰው አንተን ሲጠብቅህ ነበር።»

ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ የተናገረው ግን «ምን አደረግሁ» አልነበረም።

«ማነው?» አለ። «ስሙን ንገሪኝ።»

ሰልሚያ ይኼን ስትሰማ ቁጣዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ደረሰ። የሽማግሌው ደም ገና ከአስፋልቱ አልታጠበም፤ ይኼ ሰው ሌላ ስም እየለመነ ነው።

«ስሙን ብቻ! እለምንሻለሁ፣ የልጆቼ እናት ናት!»

ደብተሩን ዘጋችው። «አልነግርህም። መምህሩ ከሞቱበት ምሥጢር ላይ አንዲት ፊደል አላቀብልህም። እስክትሞት ጠይቅ።»

*

ድንኳኑ ውስጥ ገዳዩ ፊልጶስ መሆኑን ለናዝሬት በጆሮዋ ነገረቻት። ናዝሬት መጀመሪያ ሰልሚያን፣ ከዚያ ፊልጶስ የተከለውን የድንኳን ምሰሶ አየች፤ ምሰሶውን ጨብጣ ቆመች። የቡኢ ጎረምሶች ጀሪካኖቹን አንስተው ወዴት እንደሚወስዷቸው ጠፋባቸው። ፊልጶስን ለፖሊሶች አስረክቦ የደረሰው ይታገሱ ተቀበላቸው።

ከይታገሱ ጋር ሀቢቡ ጋራዥ ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። በሩ ላይ የነበረው ፖሊስ ተነስቷል፤ ሀቢቡ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

«እህቴ! አላህ ይስጥሽ! ነጻ ነኝ አይደል?»

«ከመምህር ተካ ነጻ ነህ።»

«አልሐምዱሊላህ! ቁጭ በይ፣ ሻይ ላስመጣ!»

አልተቀመጠችም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ጥቁር ቱቦ ነው፤ ከአንድ ጫፉ እስከ መሃሉ ተሰንጥቋል፤ የካላማዳሪያ ላስቲክ አሁንም ተጠምጥሞበታል። የሀቢቡ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ወንድምህ ጣለው ብሎህ ነበር።»

«ሙስተፋ ነው የነገረሽ? ይኼ የኔ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ስንቱ ጋራዥ…»

«ውድነሽን ታውቃታለህ?»

ሀቢቡ አሰበ። የምሩን አሰበ፤ ግንባሩ እስኪጨማደድ።

«የማን ውድነሽ?» አለ።

ሰልሚያ ወደ ይታገሱ እጇን ዘረጋች። ካቴናውን ተቀብላ ሀቢቡን ራሷ አሰረችው፤ ከሚገባው በላይ አንድ ጥርስ አጠበቀችው።